አራት ፒን እና አንድ ረጅም ጸሎት

እኔ መቀመጥ አልችልም። ስብከት ሲረዝም እግሬ ወንበሩን ይነቀንቃል፤ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ እስኪሞላ ከምጠብቅ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል። ሚስቴ የአንጋጫ ልጅ ናት፣ ሒሳብ ታስተምራለች፤ «አንተን ሲፈጥር እግዚአብሔር ራሱ ቸኩሎ ነበር» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ሆሳዕና ከተማ ውስጥ፣ በገዛ ግቢው፣ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ ቢባል ማን ያምናል? ሠራሁ። ቀን የመኪና ጥገና አስተምራለሁ፤ ከዚያ መልስ ቱቦ እበይዳለሁ፣ ሸራ እወጥራለሁ፣ ከአሮጌ ቮልስ ያወጣሁትን ሞተር ፈትቼ እገጥማለሁ።

ክንፉን መጀመሪያ የሠራሁት በዚያው ችኮላዬ ነው። ከቦዲው ጋር አንድ አድርጌ በየድኩት። ደስ ብሎኝ ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። እሷ ክንፉን ትታ ዞር ብላ የግቢያችንን በር አየች። «በየት በኩል ልታወጣት ነው?» አለችኝ። ክንፉ ከበሩ ሦስት እጥፍ ይሰፋል። ራሴን መስደብ ሲገባኝ ለሦስት ቀን እሷን አኮረፍኩ፤ በአራተኛው ቀን መጋዝ አንስቼ ክንፎቹን ቆረጥኩ።

አዲሱ ክንፍ የሚነቀል ሆነ። እያንዳንዱ ክንፍ ከቦዲው ጋር የሚያያዘው በሁለት ወፍራም የብረት ፒን ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ፒኑ በንዝረት እንዳይወጣ ጫፉ ላይ ባለች ቀዳዳ የመቆለፊያ ሽቦ ይገባና ይታጠፋል። አራት ፒን፣ አራት ሽቦ፣ በቃ። ሽቦው ከሌለ ፒኑ ይወጣል፤ ፒኑ ከወጣ ክንፉ ይሄዳል፤ ክንፉ ከሄደ እኔም ሄድኩ። ይህን ሳስረዳት ሚስቴ ቃል አስገባችኝ፤ አንዱን ፒን ሳልቆልፍ ወደ ሌላው እንዳልዞር። «የሁለት ልጆች አባት ነህ» አለችኝ።

የምበርበትን ሜዳ ያገኙልኝ አባቴ ናቸው። ቦኖሻ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያርሳሉ፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። በበጋ ከብት የሚሰማራበትን ሰፊ ሜዳ የሰፈሩን ሰው ለምነው አስፈቀዱልኝ። ስለ አውሮፕላኗ ግን አንድም ቀን ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም። ስጠይቃቸው «አንተ የተማርክ ነህ» ይሉኝና ስለ በቆሏቸው ያወሩልኛል። ዝምታቸው ያበግነኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በማለዳ ቦዲውን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ ክንፎቹን በፍራሽ ጠቅልለን ወረድን። የያዝኩት የበረራ ፈቃድ ወረቀት የሚፈቅድልኝ ሜዳው ላይ መሮጥና ትንሽ ከመሬት ከፍ ማለት ብቻ ነበር። ለእኔ ግን ያም ሰማይ ነው። ረፋድ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ነፋስ ከተነሳ መብረር የለም። ስለዚህ ገና ከመኪናው ስወርድ እጄ ይቅበጠበጥ ጀመር። ሚስቴና ሹፌሩ የክንፉን ጫፍ ይዘው እኔ «ከፍ! ወረድ! ኧረ ወደ ፊት!» እያልኩ እጮሃለሁ። «በሬ አደረግኸን እኮ» አለች ሚስቴ። የግራው ክንፍ ሁለት ፒን ገባ፣ ሽቦውም ገብቶ ታጠፈ። የቀኙ የፊት ፒን አስቸገረኝ፤ ቀዳዳዎቹ አልገጥም አሉ። እንጨት ደግፌ በመዶሻ መታሁት፣ ገባ። ሽቦውን አንስቼ ላስገባ ስል አባቴ ደረሱ፤ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ከኋላቸው ነው።

«ልጄ፣ ሳንጸልይማ አይሆንም» አሉ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ እንጸልይ ካለ እጅ ላይ ያለው ሥራ ይቆማል። የቤት ምሰሶ እየተተከለ ቢሆን፣ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ልጅ መኪናው ቢያመልጠው እንኳ ይቆማል። ሽቦ እያጠፉ መጸለይ ነውር ነው። ሽቦዋን ሸሚዜ ኪስ ከተትኳት፣ ቆቤን አወለቅኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባቴ በሀዲይኛ ጀመሩ። ለዝናቡ፣ ለመንግሥት፣ ለታመሙት፣ በየአገሩ ለተበተኑት ልጆች፣ ለሚፈተኑት ተማሪዎች። ከዚያ ሹፌሩም እንዲገባው ብለው ወደ አማርኛ ዞሩና ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገሙት። ጨረሱ ስል «ደግሞም ጌታ ሆይ» ይላሉ። ፀሐይዋ ማጅራቴን ታቃጥለኛለች፤ ሣሩ መወዛወዝ ሲጀምር ይሰማኛል። ነፋሱ መጣ! በሆዴ «ኧረ አባባ፣ በቃ!» እላለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንዱንም አሜን ከልቤ አላልኩም።

የመጨረሻው አሜን ሲባል እንደተፈታ ጥጃ ፈነጠዝኩ። ቀጥታ ወደ ቀኙ የኋላ ፒን ሄድኩ፣ መታሁት፣ ከሳጥኑ ሌላ ሽቦ አንስቼ አስገባሁና አጠፍኩ።

«አራቱም?» አለች ሚስቴ።

«አራቱም!» አልኳት፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ።

ሞተሩ ተነሳ። ሜዳው ላይ ሮጥኩ፣ ሮጥኩ፣ ድንገት የጎማው መንገጫገጭ ቀረ። ተነስቻለሁ! ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም፤ ግን ተነስቻለሁ። እንደ ሕፃን ጮህኩ። ደስታዬን ለክንፉ ላካፍለው ይመስል ወደ ቀኝ ዞር ስል፣ የፊተኛው ፒን ራስ ከቦታው ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል። እያየሁት ደግሞ ትንሽ ወጣ። ሞተሩን ቀነስኩ፣ መሬቱን በኃይል መታሁት፣ ነጥሬ ነጥሬ ቆምኩ። ወረድኩ። ፒኑን በሁለት ጣት ሳብኩት፤ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ሽቦዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ሚስቴ ሮጣ መጥታ እጄ ላይ ያለውን ፒን አየች። ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር። ግን አባቴ እያለከለኩ ሲመጡ ንዴቴ ቀደመኝ።

«ጸሎትዎ ሊገድለኝ ነበር!» ብዬ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ጮህኩባቸው። «ሁለት ደቂቃ አይበቃም? እግዚአብሔር አንዴ ሲነግሩት አይሰማም?»

በአካባቢያችን ሽማግሌ ላይ እንዲህ የሚጮህ የለም፤ አባት ላይማ ከቶም የለም። አባቴ ፒኑን ከእጄ ወስደው አገላበጡት።

«ያስረዘምኩት ነፋሱ እስኪነሳ ብዬ ነው» አሉ በቀስታ። «ነፋስ ከተነሳ ትተወዋለህ አልኩ። ዓይኔንም አልጨፈንኩም፣ አንተን ሳይ ነበር። ሽቦዋን ኪስህ ስትከትም አይቻለሁ፤ እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ?»

«ለምን ተው አላሉኝም ታዲያ?» አልኳቸው።

«እሺ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። እሺ ብለህ ብትተወው፣ አራት ዓመት የለፋህበትን ነገር በየቀኑ እያየህ እኔን ትጠላኛለህ አልኩ።»

ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉት።

«ያኔ ያላሉኝን አሁን ይበሉኝ፣ አባባ» አልኳቸው። «አልጠላዎትም።»

ፒኑን መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ተው» አሉኝ።

ክንፎቹን ነቀልን። የቀኙን ክንፍ ጫፍ አባቴ ራሳቸው ይዘው መኪናው ድረስ ተሸከሙት፤ ሹፌሩ ልያዝልዎት ቢላቸው እንቢ አሉት።