አማትን ከጨረቃ መመለስ

ጋትኩዋት ባሮ ላይ ባለሞተር ጀልባ ይነዳል፤ ከጋምቤላ ማታር፣ ከማታር ጋምቤላ። ሰው፣ በቆሎ፣ ፍየል፣ ፍራሽ፣ ያልጫነው የለም። ጀልባው ላይ እግራቸውን አሳርፈው የማያውቁት አማቱ ኛሪየክ ብቻ ናቸው። ማታር ያለች እህታቸውን ለመጠየቅ በመኪና አቧራ ሲቅሙ ይውላሉ እንጂ ጀልባውን አይሞክሩም፤ «ልጄን ሰጥቼዋለሁ፤ ነፍሴን ግን አልጨምርለትም» ባይ ናቸው። ይህ ነገር ጋትኩዋትን ሁልጊዜ ይከነክነዋል።

በበጋ ወንዙ ሲጎድል ጀልባው ዳር ላይ ይጋደማል፤ ጋትኩዋትም ያገለገለች ላፕቶፑን ይከፍታል። ዘንድሮ የተለከፈው በጠፈር በረራ ጌም ነው። ሮኬቱን ራስህ ትገጣጥማለህ፣ ነዳጁን ራስህ ትሞላለህ፣ ከዚያ ሰው አሳፍረህ ጨረቃ ላይ አሳርፈህ መመለስ ነው። ካልመለስክ የሟቹ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል።

ጌሙ የአብራሪዋን ስም ሲጠይቀው ብዙ አላሰበም። ትልቅ ሰው ይቀድማል ብሎ፣ ለክብር፣ የአማቱን ስም ጻፈ። ሚስቱ ኛኪም አየችና በሳቅ ፈረሰች፤ ስቃ ስትጨርስም ሄዳ ለእናቷ ነገረች።

ኛሪየክ በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከተፍ አሉ። እንደ ወጉ አማቻቸውን ቀና ብለው ሳያዩ በልጃቸው በኩል ተናገሩ።

«ከወሰደኝ አይቀር ይመልሰኝ በይው። እዚያ ጥሎኝ ከመጣ ግን የጀልባውን ነገር ዳግም እንዳያነሳብኝ።»

ወንበር ስበው ከኋላው ተቀመጡ። ጋትኩዋት ምሳውን ገና አልቀመሰም ነበር፤ በወጉ ደግሞ አማት ባለችበት አማች አይበላም። የዓሣ ወጡ እንደተከደነ ጥግ ላይ ቀረ።

ሮኬቱ ተተኮሰ። ጥቂት ወጣ፣ አቃሰተ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ተመለሰ። የፈሩት ይደርሳል! ጋትኩዋት ለጥቂት ፓራሹቱን ዘረጋ።

«ወደቅሁ?» አሉ ኛሪየክ።

«ዋኝተሽ ወጣሽ» አለች ኛኪም።

ሞተር ጨመረበት። አሁንም ከበደው። ኛኪም ትከሻው ላይ ተደግፋ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና «ይሄ ሁሉ በርሜል ምንድን ነው?» አለች።

«የመመለሻ ነዳጅ ነዋ! ከመሄጃው እጥፍ።»

የባሮ ጀልባ ነጂ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው። ወደ ማታር ስትሄድ ወንዙ ራሱ ይወስድሃል፤ ስትመለስ ነው ከውሃው ጋር የምትታገለው። እጥፍ ያልያዘ መንገድ ላይ ይቀራል።

«ከጨረቃ ስትመለስስ ውሃው ወዴት ነው የሚፈሰው?» አለች ኛኪም።

ጋትኩዋት ግንባሩን በመዳፉ መታ። እንዴት ይህን ያጣዋል! ትልቋ ምድር ናት፤ የምትስበውም እሷ ናት። ሽቅቡ መሄዱ ነው፤ መመለሱማ ቁልቁል! ከጨረቃ መነሻ የሚሆን ብቻ አስቀርቶ የመመለሻውን በርሜል ተራ በተራ ይነቅል ጀመር።

ኛሪየክ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «የኔን መመለሻ ነው የሚጥለው?»

«ይመኑኝ በያቸው» አለ ጋትኩዋት። ሆዱ በረሃብ ጮኸ።

አሁን ሮኬቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ሰማዩ እስኪጠቁር ወጣ። ጨረቃ እየሰፋች መጥታ ስክሪኑን ሞላችው። ማረፊያዋ መንኮራኩር ወደ ጎን ትንሸራተታለች። ይህን ያውቀዋል፤ ጀልባም ዳር ሲይዝ ፍጥነቱን አስቀድመህ ካልቀነስክለት ከዛፍ ሥር ይላተማል። ሞተሩን ነካ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ነካ። አቧራ ተነሳ። አንዱ እግሯ ድንጋይ ረገጠና መንኮራኩሯ ዘመም አለች። ሦስቱም አብረዋት ዘመም አሉ። ቆመች!

ኛኪም እልልታዋን አቀለጠችው። በመሰላሉ አንዲት ትንሽ ሴት ወረደችና ግራጫው መሬት ላይ ትዘል ጀመር።

«ያቺ እኔ ነኝ?» አሉ ኛሪየክ። «በዚህ ጉልበቴ!» ሳቃቸው ቤቱን ሞላው።

አሁን የቀረው መመለሱ ነው። መንኮራኩሯ ከጨረቃ ስትነሳ ነዳጇ ተንጠፍጥፎ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ጋትኩዋት ሞተሩን አጠፋና እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ምድር እየሳበች አመጣቻት። ድንገት ዙሪያዋ በእሳት ተከበበ።

«ተቃጠልኩ!» አሉ ኛሪየክ።

«አየር ነው፣ እማማ! ቤት ደርሰዋል!» አለ ጋትኩዋት፣ ሳያስበው በቀጥታ።

ፓራሹቱ ተከፈተ፤ መንኮራኩሯ ባሕሩ ላይ ቀስ ብላ አረፈች። ጋትኩዋት ይሉኝታውን ሁሉ ረስቶ እየጮኸ ዘለለ፤ ዘወር ሲል ከአማቱ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። ወዲያው አንገቱን ደፋ። ደስታው ግን ፊቱ ላይ አልደበቅ አለው።

ኛሪየክ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ ቆም አሉና፣ በልጃቸው በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእሱ ተናገሩ።

«በል አሁን ብላ፤ እኔ ወጥቻለሁ። ባሮ ሲሞላ እህቴ ጋ ታደርሰኛለህ።»

«በጀልባዬ?»

«ታዲያ በምን?» አሉ ኛሪየክ። «ነዳጁን ግን እጥፍ ያዝ።»