የማለዳ ሰማይና የጎረቤቴ ይቅርታ

ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ሰገነቱ ላይ እወጣለሁ። ቤታችን የድሮ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ በነበረበት ጊዜ ያሠራው፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ የሆነ፣ ከግቢው በድንጋይ ደረጃ የሚወጣበት ቤት ነው። የስልኬን ካሜራ ከፍቼ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ አዞረዋለሁ፤ ፀሐይዋ ብቅ እስክትል እጠብቃለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጋራዎቹ አዞረዋለሁ። እያዞርኩም እናገራለሁ። “ዛሬ ፀሐይ ጥርት ብላ ወጣች። ነፋስ የለም። ጋራው ላይ ስስ ደመና አለ።” በቃ፣ ይኸው ነው። ብዙ ቀን ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ድምፄን የሚሰማ ሰው የለም።

ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው እዚህ ያለው አንድ አየር ነው፣ እሱም ሙቀት ነው ይላል። ልክ አይደለም። በጥር ፀሐይዋ ስትወጣ አቧራ ውስጥ ነው የምትወጣው፤ ዙሪያዋ አይታይም፣ ነጭ ነገር ብቻ ነው። በግንቦት ገና ሳትወጣ ወበቁ ይቀድማታል፤ ደረጃውን ስወጣ ግድግዳው ከትናንት እንደሞቀ ነው። በሐምሌ ደግሞ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይኖር ጋራዎቹ ጠቁረው ያድራሉ። ማየት ያለበት ሰው እነሱን ነው የሚያየው። እኛ ድሬዎች ሰማዩ እንዴት ነው ስንባባል ከራሳችን በላይ ያለውን ማለታችን አይደለም። እዚያ ላይ የዘነበው ነው ደቻቱን ሞልቶ የሚመጣው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰው የሚሻገርበት፣ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥበት ወንዝ በጠራራ ፀሐይ ድንገት ጎርፍ ይሆናል።

ወንድሜ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የሚኖረው። በዓል ሲሆን ይመጣል፤ ሲመጣም ቤቱን እንሽጥ ይላል። አንድ ቀን ከሰገነቱ ስወርድ አገኘኝና፣

“እቴ፣ ይህቺ ፀሐይ አምናም ዘንድሮም በዚያው በኩል ነው የምትወጣው። ጠፋችብሽ እንዴ?” አለኝ።

“አንተ ከጠፋህ ነው የቆየኸው” አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። ሴት ልጁ ግን ትጠይቀኛለች። ስልኩን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ለእኔ ተወችልኝ። “አክስቴ፣ ሞልቶ ሊፈነዳ ነው እኮ! የድሮ የድሮውን ላጥፋልሽ” ትለኛለች። አላስነካትም። ለምን እንደሆነ ለእሷም አልነገርኳት። እዚህ ልናገር።

ከግንባችን ማዶ የምትኖረው ጎረቤቴ ሶማሌ ናት፤ የዕድሜ እኩያዬ ናት። ባሏ ከጠረፍ ልባሽ ጨርቅ በቦንዳ ያመጣ ነበር፣ እሷ ትሸጥ ነበር። ሁለታችንም አዲስ ሙሽሮች ሆነን ነው የተዋወቅነው። በዚያን ጊዜ ግንቡ ደረት አይደርስም ነበር። ሙቀት ሲበረታ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አልጋ ወደ ግቢ አውጥተን እንተኛለን፤ እሷ በግንቡ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። እንቅልፍ እስኪወስደን እናወራለን። “አባዮ” ትለኛለች፣ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው። ከወለደኝ ሰው በቀር በዚያ ፍቅር የጠራኝ የለም።

ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ፤ ሰገነት ያለውም የእኔ ቤት ነው። ስለዚህ ልብሱን ዘርግታ ልትሸጥ ወደ ደቻቱ አሸዋ ከመውረዷ በፊት ሰማዩን እኔን ትጠይቃለች። ያን ቀንም ጠየቀችኝ።

“አባዮ፣ ተነስተሻል? ሰማዩ እንዴት ነው?”

“እኛ ጋ ጥርት ነው። ጋራው ግን ጠቁሯል። ዛሬ አትውረጂ።”

“አቦ አንቺ ደግሞ! ጋራው ጠቁሮ የማያውቅ አስመሰልሽው።”

“ነግሬሻለሁ።”

“ቦንዳው እርጥበት ገብቶት ሸቷል እኮ። ዛሬ ካላናፈስኩት ባሌ እኔኑ ጠቅልሎ ይሸጠኛል!”

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ጋሪ ጠርታ ቦንዳዎቹን አስጫነችና ወረደች።

ጎርፉ የመጣው ከቀትር በፊት ነው። ድምፁን ከቤቴ ሰማሁት፤ ከባድ መኪና ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ ግን አያልፍም። ሮጬ ወረድኩ። እሷ ዳር ላይ ቆማለች፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው። የዘረጋችው ልብስ ሁሉ ሄዷል። አንድ የልጅ ሹራብ ብቻ ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። ይዣት ተመለስኩ። እግሯን ያጠብኳት እኔ ነኝ፤ ሻይ ያፈላሁላትም እኔ ነኝ። ይህን የሚያስታውስ የለም።

ማታ ባሏ ገባና ጮኸ። ቃል በቃል ይሰማል። ግንቡ ሥር ውኃ ልደፋ ሳፋ ይዤ ቆሜ ነበር። “ማን ውረጂ አለሽ?” አላት። “ጎረቤቴ” አለች። “ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ምንም የለም፣ ውረጂ አለችኝ።”

ሳፋውን መሬት ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። አሁን ትመልሰዋለች፣ ተሳስቼ ነው ትላለች ብዬ ነበር። አልመለሰችውም።

በማግስቱ ባሏ በደጃፌ ሲያልፍ ሰላም አላለኝም። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ቅመም ልገዛ ቀፊራ ገበያ ስሄድ፣ የሰፈራችን ሴት ናት ቅመም የምትሸጠው፣ ገና ከሩቅ፣

“ሜትሮሎጂ መጣች! በይ፣ ዛሬ በርበሬዬን ላስጣ ወይስ ላንሳ?” አለች።

“እኔ አትውረጂ ነው ያልኳት።”

“አዎ፣ አዎ። እሷም ዋና ለመማር ነው የወረደችው!”

አጠገቧ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ለሰው ለማስረዳት ሞከርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ጥፋተኛ መሰልኩ። ተውኩት። ስሙ ግን ቀረ፤ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ጭምር ሜትሮሎጂ ይሉኛል። በዚያው ዓመት ትዳሬ ፈረሰ። ምክንያቱ የራሴ ነው፣ አልጽፈውም። ግንቡን ብሎኬት ጨምሬ ከፍ አስደረግኩት። አልጋዬንም ወደ ቤት አስገባሁ፤ እስከ ዛሬ በሙቀቱ ውስጥ ተኝቼ ነው የማድረው።

ስልኩ እጄ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ድምፅና ምስል ከነቀኑ እንደሚይዝ የወንድሜ ልጅ ስታሳየኝ በማግስቱ ጠዋት ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ከእንግዲህ ያላልኩትን አለች የሚለኝ ሰው አይኖርም ብዬ ነው። ያለፈውን እንደማያስመልስልኝ አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን በየጠዋቱ ያየሁትን እናገራለሁ፣ የተናገርኩትም ይቀመጣል።

ሥራ የሌለኝ ቀን የድሮዎቹን እከፍታቸዋለሁ። ሰማዩን ለማየት ነው የምከፍታቸው፤ ሆኖም የሚሰማው ሌላ ነው። ከእኔ ድምፅ ኋላ ሁልጊዜ ጎረቤቴ አለች። ለሶላት ስትነሳ የውኃው ድምፅ፣ የማንቆርቆሪያው ክዳን፣ ከዚያ ሳሏ። ሳሏ ዘንድሮ ከአምናው ይከብዳል። እሷን ለመርታት የሰበሰብኩት ሁሉ በእሷ ድምፅ የተሞላ መሆኑ አናደደኝ። መስማቱን ግን አልተውኩም።

ዘንድሮ ለሐጅ ልትሄድ መሆኗን ሰማሁ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የተጣላውን ሁሉ እየዞረ “አውፍ በሉኝ” ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የሰው በደል ይዞ እዚያ መቆም ከባድ ነው። ይህን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። ስለዚህ እንደምትመጣ አወቅኩ። ቤቴን ጠራርጌ ጠበቅኳት። ቀን ሙሉ ሌላ ቤት ስታንኳኳ እሰማለሁ። ሁለት ቀን አለፈ። የእኔን ቤት መጨረሻ አደረገችው።

የመጣችው ማለዳ፣ እኔ ሰገነቱ ላይ ሳለሁ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ደረጃውን ግድግዳ እየያዘች፣ በየመሃሉ እያረፈች ወጣች። ድሮ ወፍራም ነበረች፤ አሁን ቀሚሷ ባዶ ይመስላል። የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ግማሽ ወጥታለች፤ ስልኩ በእጄ ነው።

“ሱብሐነላህ” አለች ትንፋሿ ሲመለስ። “ከዚህ እንዲህ ይታያል እንዴ?”

“ይታያል።”

“እሱ ነገር ይቀዳል?”

“ይቀዳል።”

“አጥፊው።”

አጠፋሁት።

“አባዮ፣ ልሄድ ነው። አውፍ በይኝ።”

“ምን አድርገሽኝ?”

“ሰው አብሮ ሲኖር ምን ይጠፋል። በአፌም ይሁን በእጄ ያስቀየምኩሽ ካለ…”

“ለሁሉም ጎረቤት ያልሽውን ለእኔ አትበይ። የሠራሽውን ተናገሪ።”

ጉልበቷን በመዳፏ እያሸች ወደ ጋራው ትመለከታለች።

“አትውረጂ ብለሽኝ ነበር” አለች።

“ብዬሽ ነበር።”

“ጋራው ጠቁሯል ብለሽኝ ነበር፣ ሰምቼሻለሁ። እሱ ሲጮህብኝ አፌ ላይ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ወላሂ ያን ማታ ከነልጆቼ ያስወጣኝ ነበር። አንቺን ግን ምን ያደርግሻል? የአባትሽ ቤት ነው፣ ማንም አያስወጣሽም ብዬ ነው።”

“እኔንማ ምን ያደርገኛል” አልኳት።

“ከዚያ በኋላ መመለሱ ከበደኝ። ልጆቼም እንደዚያ ብለው አደጉ።”

“ባልሽ ካረፈ ቆየ። ከዚያ ወዲህስ?”

“አፈርኩ።”

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ እንደጠበቅኩ ለእሷ አልነገርኳትም። ስሰማው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። “ስትሸኚ ሴቶቹ ሁሉ ይመጣሉ። ለእነሱ ንገሪያቸው። አንድ ቃል ይበቃኛል።”

“ኢንሻአላህ” አለች። ስትል ቀና ብላ አላየችኝም። “ግን እስከዚያ አታቆይኝ። መንገድ ነው፣ ሞት አለ። አሁን በይኝ።”

ልትነሳ ጀሪካኑን ተመረኮዘች።

“አውፍ ብያለሁ” አልኳት።

ተነስታ ትከሻዬን ሳመችኝ። ደረጃውን ስትወርድ ክንዷን ደገፍኳት።

በሽኝቱ ቀን ሚኒባስ ደጇ ቆመ። የሰፈሩ ሴቶች ከበዋታል፤ እሷ ነጭ በነጭ ለብሳለች። እኔ ከበሬ ሳልርቅ ቆምኩ። ቅመም ሻጯ አየችኝ።

“ሜትሮሎጂ! ለአውሮፕላኑ ሰማዩ እንዴት ነው? ምንም የለም ብለሽ እንዳታስፈጂያት!”

ሁሉም ሳቁ። ጎረቤቴ አንድ እግሯን መኪናው ላይ አድርጋ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። ትልቁ ልጇ ሻንጣዋን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። አፏን ከፈተች። በቃ፣ አሁን ነው አልኩ። ልጇን አየችው። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሳብ አደረገችና ሳቀች። ትንሽ ሳቅ ናት፣ ግን ሳቅ ናት። መኪናው ሄደ።

በማግስቱ ሰገነቱ ላይ አልወጣሁም። በሚቀጥለውም ቀን አልወጣሁም። በሦስተኛው ወጣሁ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ አቧራ ነበር። “ፀሐይ በአቧራ ውስጥ ወጣች” ብዬ ቀዳሁ። ስሰማው ከድምፄ ኋላ ባዶ ነው። ውኃ የለ፣ ክዳን የለ፣ ሳል የለ። ይህ ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው።

በሰላም ተመልሳለች። አሁን ሐጃ ነው የምትባለው። ሴቶቹ ተሰልፈው ዘየሯት፤ እኔ አልሄድኩም። በልጇ እጅ ተምርና በትንሽ ጠርሙስ የዘምዘም ውኃ ላከችልኝ። ልጇ በሩ ላይ ቆሞ “እናቴ ሰላም ብላሻለች፣ ሰላም ነን ወይ ብላሻለች” አለኝ። “ሰላም ነን በላት” አልኩት። ሰላም ነን። አውፍ ብያለሁ ብያለሁ፣ አላነሳም። ውኃውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ተምሩን በላሁት፣ ጥሩ ተምር ነው።

ግን አውፍ ያልኩት ለእሷ ነው። ደጇ ላይ ቆመው ለሳቁት አላልኩም፤ አንዳቸውም መጥተው አልጠየቁኝም። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉት ልጆቻቸው ያንብቡላቸው።