ጓዱን ያገኘው ድመት

ባለፈው ሰሞን የልጄ ልጅ ከጎረቤት አንዲት ሚጢጢ ድመት ታቅፋ መጣች። በማግስቱ ጠዋት ገና ከመኝታዬ ሳልነሳ ከጓዳ በኩል ቂርጭ፣ ቂርጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ጥፍር መስታወት ሲቧጥጥ ነው። ያን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ጥርሱ ያስታውሰዋል። ሄጄ እንኳ ሳላይ የሎሚና የሳሙና ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና አያ ይማም ትዝ አሉኝ።

አያ ይማም ጠጉር አስተካካይ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር። ሱቃቸው አንድ ክፍል ናት፤ በሯ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሳንቃ። ውስጧ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ቆዳ የለበሰ ራዲዮ፣ ሲጨብጡት የሚንቀጫቀጭ ቶንዶስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ መስታወት። በጉብዝናቸው አሥመራ ሠርተው ሲመለሱ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ መንገዱን ሁሉ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነው የመጡት ይባል ነበር። እናቴ ከደጃፋቸው ሎሚ ትሸጣለች። ራስ በላጩ ቁጥር አንድ ሎሚ ገምሰው መላጣውን ስለሚያሹበት ደንበኛዋ ናቸው። እኔ ልጅቷ ፀሐይ ሲበረታ እሳቸው ዘንድ ገብቼ ከሳንቃው ሥር እቀመጣለሁ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ስንቱን አየሁ። አንድ ቀን የአንድ ገበሬ ውሻ ጌታውን ተከትሎ ገባና ከመስታወቱ ፊት ተገተረ። አፉን ከፈተ፤ ወዲያኛውም ከፈተ። ቀረብ ብሎ አሸተተ። ምንም አልሸተተውም መሰል፣ እግሩን አንስቶ ወንበሩን አርሶ ወጣ። ገበሬው አፍሮ መግቢያ ሲያጣ አያ ይማም በሳቅ ሞቱ። "ተው፣ ምንም አላጠፋ። ውሻ ባፍንጫው ነው የሚያምን። ሽታ የሌለው ነገር ለሱ የለም።" የጎረቤት አውራ ዶሮ ግን መንቁሩ እስኪደማ ከመስታወቱ ጋር ተዋግቶ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ነው የወጣው።

የድመቱ ነገር ሌላ ነው። አያ ይማም ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጅም አላገኙ። ካንድ ዓሣ አጥማጅ ሁለት ወንድማማች ድመቶች አምጥተው ነበር። ሁለቱም መልካቸው ዳማ፣ አንዱን ካንዱ የሚለይ የለም። አንደኛውን አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና በላው። የቀረው እህል አልቀምስ አለ፤ ሲጮህ ይውላል፣ ሲጮህ ያድራል። ጓዱ ሞቶበት ነው፣ አለ ያየው ሁሉ። ቤት ብቻውን ከሚሞት ብለው አንድ ጠዋት በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ሱቅ ይዘውት መጡ።

ድመቱ መደርደሪያው ላይ ወጣና መስታወቱን አየ። ወገቡ ቀስት ሆነ፤ ጭራው የማሽላ ራስ አከለ። ቂርጭ፣ ቂርጭ አደረገ። ከዚያ አንገቱን አጥፎ ከመስታወቱ ጀርባ አየ፤ ግድግዳ ነው። ወደ ፊት ተመለሰ፤ ያ ድመት አለ። ደግሞ ወደ ኋላ። በመጨረሻ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሻሸና ተጠግቶ ተኛ። ያኖሩለትን ዓሣ በላ።

"ጓዱን አገኘ፣ አልሃምዱሊላህ" አሉ አያ ይማም። ስሙም በዚያው ጓዱ ሆኖ ቀረ። ሊላጭ የመጣ ሁሉ ከሰላምታው አስከትሎ "ጓዱስ እንዴት አደረ?" ይላል። ዘመኑ ባለሥልጣን ሁሉ "ጓድ" የሚባልበት መሆኑን ማንም ልብ አላለው።

በኋላ ከደሴ አዲስ ካድሬ ተመድቦ መጣ። ገና ልጅ ነው፤ ካኪው የተተኮሰ፣ ፊቱ የማይፈታ። ሊላጭ ገባ። ሁለት ሽማግሌዎች ተራ ይጠብቃሉ። አያ ይማም ጉንጩን ሳሙና አልብሰው፣ ዞር ብለው ምላጩን በቆዳው ላይ ሲያፋጩ፣ ከኋላቸው የሽቶ ጠርሙስ ተንኳኳ።

"ጓዱ፣ ውረድ ከዚያ" አሉ ሳይዞሩ። "ስንቴ ልንገርህ? ያን ቂጥህን አንሳልኝ።"

ካድሬው ከወንበሩ ብድግ አለ።

"እኔን ነው?" አለ፣ አረፋው ካገጩ እየተንጠባጠበ።

"ኧረ ድመቱን ነው ጌታዬ።"

"ጌታ ቀርቷል።"

"ቀርቷል፣ እውነት ነው፣ ጓድ" አሉ አያ ይማም። ድመቱ የተጠራ መስሎት ዞር አለ። አንደኛው ሽማግሌ አፉን በጋቢው ጫፍ አፈነ።

"ድመት ነው ጓድ የምትለው? ባብዮቱ ትቀልዳለህ? ነገ ቀበሌ ቀርበህ ታስረዳለህ።"

ያኔ ቀርበህ አስረዳ ተብሎ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ሎሚዋን ጥላ በሩ ላይ ቆመች። አያ ይማም ወደ ካድሬው ዞሩ። ምላጩን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ የነገውን ዛሬ ልንገርህ። ወንድሙን መኪና በላበት። እዚያ ውስጥ ያለው ጓዱ መስሎት ነው እህል የቀመሰ። ስሙ ከዚያ የመጣ ነው፤ ሌላ አላሰብሁም ወሏሂ።"

ካድሬው ወደ መስታወቱ ዞረ። ድመቱ ግንባሩን አስደግፎ ተቀምጧል። ከጎኑ ግማሽ ፊቱን አረፋ የሸፈነው ልጅ ይታያል።

"ከኋላ ዞሮ አያይም?" አለ ካድሬው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አይቷል እንጂ። ግድግዳ መሆኑን ያውቃል። አውቆ ነው የሚቀመጥ።"

ካድሬው ወንበሩ ላይ ተመለሰና "ላጨኝ" አለ። ሲወጣ በሩ ላይ "ስሙን ለውጥ" ብቻ አለ፤ ቀበሌውን አላነሳም።

ስም ፍለጋው የሰፈሩ ሥራ ሆነ። ሸጋው ቢሉት ድመቱ አልሰማ አለ። ያ አፉን ያፈነው ሽማግሌ "ባሻ በሉት" ቢል፣ የድሮ ማዕረግ ነው፣ ደግሞ በሱ እንዳትያዙ ተባለ። እንዲሁ ያለ ስም "ና" ይሉት ጀመር። ካድሬው በየሳምንቱ ይመጣል፤ አይኑን ከመደርደሪያው አይነቅልም። አንድ ቀን መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቀው።

"ጓዱስ?" አለ።

አያ ይማም ምላጩን እያፋጩ፣ ሳይዞሩ፣ "ማን?" አሉ።

ካድሬው ሲስቅ ያኔ አየሁት። ለካ ፍንጭት ነው። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተመለሰ። ልጁን በኋላ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ላኩት። አያ ይማም ከወልዲያ የሚመጣ ሾፌር በላጩ ቁጥር "አንድ ፍንጭት ልጅ አላየህም?" ይሉ ነበር። ያየ አልተገኘም።

ድመቱ አርጅቶ ሞተ። የአያ ይማም እጅ ምላጭ አልይዝ ሲል ሱቁን ዘጉና መስታወቱን "ለልጅቱ ስትዳር" ብለው ለእናቴ ሰጧት። ከታች በስተቀኝ ያለችው ጥግ ደብዝዛለች፤ ድመቱ ግንባሩን ሲያሽ የኖረባት ናት። አያ ይማም ሌላውን በጋዜጣ ሲወለውሉ ያችን ይዘልሏት ነበር። እኔም እዘላታለሁ። በቤታችን መስታወት ፊት የቆየ ሰው "ጓዱን አገኘ" ይባላል፤ ልጆቼ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ይሉታል።

ያን ጠዋት ጓዳ ስገባ ሚጢጢዋ ድመት ከመስታወቱ ጀርባ ተወሽቃ ጭራዋ ብቻ ይታያል። የልጅ ልጄ ልታወጣት እጇን ሰደደች።

"ተያት ሆዴ" አልኋት። "ግድግዳውን ትየው። ትመለሳለች።"