በጤፍ የተቀበረው ስልክ

ስሜነሽ ዕድሜዋን የገፋችው ቀርከሃ ሰንጥቃ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ምንጣፍና ቅርጫት እየሠራች እንጅባራ ገበያ ታወጣለች፤ አንድ ልጇን ይኸነውን ያሳደገችውም በዚሁ ነው። ልጁ ግን "ቀርከሃ ከድህነት አያወጣም" ብሎ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ። በመተማ በኩል ይሁን በጫግኒ አልነገራትም። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የምትሰማው እሱ በገዛላት ስልክ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ደወለ።

"እማ፣ አሞኛል። ያሠሩኝ ሰዎች በመኪና አምጥተው አንድ ቤት ጥለውኝ ሄዱ፤ የት እንደሆነ አላውቅም። ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ፣ አገር ለሚያውቅ ሰው አሳዪ።"

መስመሩ ተቋረጠ። ስሜነሽ ፎቶውን ከፍቶ የሚያሳያት ሰው ፍለጋ በዝናቡ ስትሮጥ አዳለጣትና ስልኩ ከቦይ ገባ። ስታወጣው ጨልሟል። በጎረቤት ስልክ ልጇ ጋ ብታስደውል ዝግ ነው።

ውሃ የነካው ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምታለች። ከቤቷ ሩዝ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ቀርከሃ በምትሰነጥቅበት ቢላዋ የስልኩን ጀርባ ፈልቅቃ፣ ውሃው ቶሎ እንዲመጠጥ እንደተከፈተ ከጤፍ ውስጥ ቀበረችው። የጨነቀው ሰው በእጁ ባለው ነገር ይታገላል፤ በእጃችን ያለው ሁሉ ያድን ይመስል።

ስልኩ አልበራ ሲላት መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ወደሚጠግነው ወደ ሽመክት ወሰደችው። ሽመክት ጀርባውን ሲያነሳ ጤፉ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

"እትዬ ስሜነሽ፣ ሊያስፈጩት ነበር እንዴ?"

"ሳቅ አንተ! ልጄ እየሞተብኝ ነው።"

ነገሩን ስትነግረው ሳቁ ጠፋ። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ቁጥሯን ደወለ። የጨለመው ስልክ ጮኸ።

"ነፍስ አለው። ያልበራው ስክሪኑ ብቻ ነው። ስክሪኑ ተበላሽቶ ከሆነ ግን የዚህ ዓይነት እኔ ጋ የለም፤ ከባሕር ዳር ማስመጣት ነው።"

"እስከዚያ ልጄ ይቆየኛል?"

ሽመክት መፍቻውን አነሳ። ብሎኖቹን ፈታ፤ ከስክሪኑ ወደ ቦርዱ የሚመጣውን ሪባን የሚሉትን ስስ ጠፍጣፋ ሽቦ ተከትሎ ሪባኑ የሚሰካበትን ሶኬት በአጉሊ መነጽር አየ። ውሃ ጠጥታ ያበጠች አንዲት የጤፍ ፍሬ ከሶኬቱ ውስጥ ተለጥፋለች፤ ቢላዋው ያላቀቀው ሪባን እላይዋ ላይ ቆሞ አልገጠመም። በአልኮል አርሶ በመርፌ ፈለቀቃት። ከሥሯ ሁለት ጥቃቅን የሶኬቱ እግሮች ተጣመዋል። አንዱን ቀስ ብሎ አቃናው፤ ሁለተኛው ግን ሲነካው ተሰበረ።

"ምን ሆነ?" አለች ፊቱን አይታ።

"ተሰበረ፣ እናቴ።"

ሪባኑን ሰክቶ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ስክሪኑ በረቀቁ መስመሮች ተሸንትሮ በራ። ጣቱን ላላ ሲያደርግ ጠፋ፤ ሲጫን በራ።

"እንዳትለቅ! አደራህን እንዳትለቅ!"

በሌላው እጁ መልእክቱን ፈልጎ ከፈተ። ይኸነው መሬት ላይ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ከኋላው የቀርከሃ ግድግዳ። ሽመክት ቶሎ ብሎ ምስሉን በራሱ ስልክ አነሳው። ወዲያው ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ቢጫንም አልመለስ አለ።

በራሱ ስልክ ያስቀረውን አስፍቶ ተመለከተ። "ጽሑፍ የለበትም። ታፔላ የለበትም። በምን እንለየዋለን?"

ስሜነሽ ፎቶው ውስጥ ባለው ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ለራሷ በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረመች።

"የተቆረጠውን ጫፍ አጉላው። ድፍን ነው አይደል? የእኛ የደጋው ውስጡ ክፍት ነው። ይኼ የቆላ ቀርከሃ ነው፤ የሚበዛውም ከጫግኒ ወዲያ ነው። በጫግኒ በኩል ወርዷል ልጄ።"

"እንጃ እትዬ፣ በመተማ በኩልስ አይጠፋም ይሆን?"

"አይጠፋም ይሆናል። ታዲያ ቤቴ ገብቼ ልቀመጥ?"

ፎቶውን ጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተመላት። ቀለሙ አልቆ ኖሮ የልጇ ፊት ደብዝዞ ወጣ፤ የታየው ግድግዳው ብቻ ነው። ሲም ካርዷንም ልጇ ሲደውል ታነሳበት ዘንድ ከአንድ አሮጌ ስልክ ከተተላት።

ጫግኒን አልፎ ያለው ቆላ ሰፊ ነው፤ የቀርከሃ ቤት የሌለበት መንደርም የለው። ይህን ሽመክት ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። የጫግኒ መኪና ውስጥ ገብታ ሳትደላደል ወረቀቱን አጠገቧ ላለችው ሴት ዘረጋች።

"እህቴ፣ ይኼን ቤት ታውቂዋለሽ?"

ሴትዮዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ብዙ አየችው።

"አላውቀውም" አለች።

ስሜነሽ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ኋላ ወንበር ዞረች።