ለጡረታ የተለቀቀ ጫካ

ጠጅ ሲያቀርቡልኝ ፊቴን ስለማዞር ሰው ጴንጤ የሆንኩ ይመስለዋል። ኤዲያ! ሳህሉ ትዝ እያለኝ ያንገሸግሸኛል እንጂ።

ሳህሉ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረው የዱርጊ ቡና እርሻ የማጠቢያ ሠራተኛ ነበር። እኔ የእርሻው እንግዳ ማረፊያ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ማጠቢያ ሲባል ንጹሕ ቦታ እንዳይመስላችሁ። የቡናው ልጣጭ ሲበሰብስ ሽታው ከልብስ አይለቅም፤ ሹሞቹ በዚያ ሲያልፉ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይይዛሉ። ሳህሉ ግን ጎረምሳ ሆኖ ገብቶ እዚያው ሸበተ። መፈልፈያው ማሽን ሁለት ጣቱን በልቶበታል።

ሲቀጠር እርሻው የአንድ ባለሀብት ነበር። ሳህሉ የሸካ ሰው ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ኮቦ ነበረው። ኮቦ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ የጫካ ድርሻ ነው፤ ቀፎህን የምትሰቅልበት፣ ሌላ ሰው ዝር የማይልበት። ባለሀብቱ ዓይኑን ጣለበትና፣ “ጫካውን ለእርሻው ልቀቅ፤ ስታረጅ ድርጅቱ ይጦርሃል” አለው። ሳህሉም ለቀቀ። ሞኝ ነው አትበሉ። አባቱ ሲደክም ጫካውን ለሳህሉ ለቀቀለት፤ ሳህሉም አባቱን እስከ ዕለተ ሞቱ ጦሮታል። ጫካ የተቀበለ ይጦራል፤ እሱ የሚያውቀው ይህንን ነው።

አብዮቱ መጣ፣ ባለሀብቱ ሄደ፣ እርሻው የመንግሥት ሆነ። የባለሀብቱ ምክትል የነበረው ኃይለሚካኤል ካኪ ለበሰና “ጓድ” ተብሎ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ለእሱ ዓይነቶቹ በፊትም ድርጅቱ የሚያዋጣላቸው፣ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚሉት የእርጅና ቁጠባ ነበራቸው፤ አሁን ደግሞ የመንግሥት ጡረታ መጣላቸው። ለሳህሉና ለጓደኞቹ የደረሳቸው የባለሀብቱ ተንኮል ነው። ለቀማው አልቆ ማጠቢያው ሲዘጋ “ተሰናብታችኋል” ይባላሉ፤ ሲከፈት ደግሞ “እንደ አዲስ ተቀጥራችኋል”። ቋሚ እንዳይሆኑ እኮ ነው! ሳህሉ ግን አንድም ክረምት ቤቱ አልሄደም፤ ማሽኑ እንዳይዝግ ግራሶ ሲቀባ ነው የሚከርመው። ሹሞቹም በመስኮት ያዩታል፤ ሂድ ያለው የለም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምህረት ኃይለሚካኤል ጡረታ ሊወጣ ሆነ። ሳህሉንም፣ “አርጅተሃል፤ ካሁን በኋላ አትመጣም” አሉት። እሱ ደስ አለው!

“እትዬ የዓለምዘርፍ፣ ድርጅቱ ሊጦረኝ ነው” ብሎ ወጥ ቤቴ ድረስ መጣ።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው በዛብህ ምሳውን እዚያው እየበላ ነበር። “ለጓድ ሽኝት ማር አምጣ፤ ጉዳይህን እሳቸው ያዩልሃል” አለው። እፍረት የለውም እኮ! ሳህሉ ማሻ ድረስ ሄዶ ከወንድሙ ቀፎ ለምኖ ነጭ ማር በቅል አመጣ። በዚያ ማር ጠጁን እኔ ጣልኩ።

የሽኝቱ ዕለት ሰንጋ ታረደ፤ ከአዲስ አበባም እንግዶች መጡ። ኃይለሚካኤል ፍሪጅ ተሸለመ። ስለ ሠርቶ አደሩ ላብ ሲናገር አፉ አካባቢ የጮማ ቅባት ያብለጨልጭ ነበር። ከዚያ ሳህሉን ጠሩና ጋቢ ደረቡለት፤ ተጨበጨበ። ሳህሉ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

“ጡረታዬስ?” አለ።

በዛብህ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ “ጡረታ ለቋሚ ሠራተኛ ነው። አንተ በየዓመቱ ስትሰናበት የኖርክ ጊዜያዊ ነህ” አለው።

“ማሩ ግን…” ብሎ ወደ ኃይለሚካኤል ዞረ።

“ማሩ ግሩም ነው፤ ተባረክ” አለ ያ ጉደኛ፤ ከዚያ አፍንጫውን ያዘና ወደ እንግዶቹ ዘወር ብሎ፣ “ሰውየው ማጠቢያውን ተሸክሞት መጣ እንዴ?” አላቸው። ሳቁ! ሰው የሚባሉት፣ ሚስት ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉት፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ አያለሁ። የበሰበሰው ማን እንደሆነ ለእኔ በግልጽ እየሸተተኝ ነበር።

ሳህሉ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀ። ጋቢውን አወለቀና አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሥጋው ትሪ አጠገብ አኖረው።

“ጌታዬ፣ እንግዲያው ጫካዬን መልሱልኝ።”

“ጓድ በለኝ” አለ ኃይለሚካኤል። “ደግሞ ጫካው ተመንጥሮ ቡና ሆኗል። መሬት የሕዝብ ነው፤ የማንም የግል ሀብት አይደለም።”

“እኔስ?” አለ ሳህሉ፣ በዚያች አጭር አማርኛው። “እኔ የማን ነኝ?”

ሳህሉ ባዶ ቅሉን አንስቶ ወጣ።

ኃይለሚካኤል ብርሌውን ወደ እኔ ዘረጋ። “ጠጁን ጨምሪልን እንጂ፣ የዓለምዘርፍ!”

“አልቋል” አልኩት።

ጋኑ ግማሽ እንኳ አልጎደለም ነበር። ጓሮ ወስጄ ቦይ ውስጥ ደፋሁት፤ በማግስቱ እኔንም አሰናበቱኝ።