አባቴ በቃላቸው የያዙት ስም

ነገሩ የሆነው በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ቁልቁለቱን በነዳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አባቴ ዳባት አጠገብ በአንዲት የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። ምትካቸው እንድሆን ዜማ ቤት ቢያስገቡኝ ጠፍቼ ሾፌር ሆንኩ። "ዓይንህን ላፈር" አሉኝ። ግትርነቱን ከእሳቸው ወርሼ ኖሮ ዘጠኝ ዓመት ደጃቸውን አልረገጥኩም። ዛሪማ አግብቼ ሴት ልጅ ስወልድም አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ስሜን አንስተው እንደማያውቁ እህቴ ነግራኛለች።

በዚያ ሐምሌ ስትሮክ መታቸው። ከእህቴ ጋር ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ውሃ ሲጠማቸው እንኳ "ውሃ" የሚለው ቃል አይመጣላቸውም። እኔን ትኩር ብለው አዩኝ፤ በስሜ ግን አልጠሩኝም። አሁንም አልማሩኝም ብዬ ተቀየምኩ። በታመመ ሰው መቀየሜ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የሚገርመው ዳዊቱን አንድ ቃል ሳይገድፉ ይደግሙ ነበር። ሐኪሙን ጠየቅሁት።

"ቃል ፈልጎ የሚያወጣው የአንጎላቸው ክፍል ተጎድቷል" አለኝ። "ለዓመታት በየቀኑ ሲደጋግሙት የኖሩት ግን ሌላ ቦታ ሥር ሰዷል። እሱ ይወጣላቸዋል።"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ዳዊቱን ጨርሰው የቤተሰቡን ጸሎት ጀመሩ። ድሮ ይህን ጸሎት የሚያደርሱት በለሆሳስ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ ቃሉን የሰማ የለም። ከታመሙ ወዲህ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አቅቷቸዋል። የእናቴን የክርስትና ስም አስቀደሙ፣ የእህቴን አስከተሉ። ከዚያ "ለገብርከ ኃይለ ሚካኤል" አሉ። እኔ ነኝ።

ከመጥፋቴ በፊት የለመዱት ነው ብዬ አስቤ ሳልጨርስ "ወለአመትከ ወለተ ኪዳን" አሉ።

የልጄ የክርስትና ስም ነው። አይተዋት አያውቁም። እህቴ እንኳ ስሙን አታውቀውም። ያጠመቋትን የዛሪማውን ቄስ አስጠይቀው መሆን አለበት። በቃላቸው የወጣው ደግሞ በየማለዳው ሲደጋግሙት ኖረው ነው።

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። "አባባ፣ ይፍቱኝ" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉኝ።

ለስንት ሰው ሲሉት የኖሩት ቃል ነውና ከልማድ ይሁን ከልብ አላውቅም። የልጄን ስም ከሰማሁ በኋላ ግን እንደማሩኝ አልተጠራጠርኩም።

በጥቅምት አረፉ። አሁን እኔም መሪ ከመጨበጤ በፊት ስማቸውን በጸሎት አነሳለሁ። በለሆሳስ ግን አይደለም፤ ልጄ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ ነው።