ሳያት ያልሠራችው አምባር

ቤቴል ውስጥ ከሳያት ዱባለ ቤት ጋር አጥር እንጋራለን። ውጭ አገር በፊዚክስ ዶክተር ስትሆን የሰፈር ወጣቶች ፎቶዋን በባነር አሠርተው አስፋልት ዳር ሰቀሉት፤ «እንኳን ደስ አለሽ፣ የኳንተም ዶክተራችን!» ይላል። ኳንተም ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። «ዶክተር» የሚለው በቅቶናል።

ዘንድሮ ለዕረፍት ስትመጣ እኔ ጠየቅኳት። ከፀጉር በብዙ የቀጠነ የሴሚኮንዳክተር ሽቦ አለ አለችኝ፤ ሴሚኮንዳክተር የስልካችን ሆድ ዕቃ የሚሠራበት ነገር ነው። ሽቦውን፣ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት በሚያሳልፍ ብረት ይለብጡታል። ያኔ ኤሌክትሮኖቹ ሌላ ቦታ የማያሳዩትን ጠባይ ያመጣሉ። የእሷ ሥራ ያን ጠባይ በማግኔትና በቮልቴጅ መግራት ነው።

«ታዲያ ተገራልሽ?»

«ገና ነው። ማቀዝቀዣው ትንሽ ሞቅ ካለ ድራሹ ይጠፋል። የሰው እጅ ሙቀት ለሱ እሳት ነው።»

አንድ ጠዋት ጩኸቷን ሰምቼ ሮጬ ገባሁ። የአባቷን የጋሽ ዱባለን እግር ልታጥብ ካልሲያቸውን አውልቃለች። አውራ ጣታቸው ጠቁሯል፤ ሽታው ከበር ይቀበላል። ጋሽ ዱባለ ስኳር አለባቸው። አየር ጤና ቅቤ ነግደው ነው ያስተማሯት፤ ሙዝ የተቀላቀለበትን ቅቤ አሽትተው የሚለዩ፣ በቀላሉ የማይታለሉ ሰው ናቸው።

«ኢንሱሊንህን አትወጋም እንዴ፣ አባዬ?»

እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ ቢጫ አምባር አሳዩዋት፤ ደስ የሚላት መስሏቸው። «ከፋሲካ ወዲህ ትቼዋለሁ። ያንቺ የኳንተም አምባር እያለልኝ የሌላ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?»

«ስኳርን ያድናል» የሚለው የአምባሩ ካርቶን ላይ ሳያት ፈገግ ብላለች። ያው የባነሩ ፎቶ ነው። ሌባ ኪስ ይገባል፤ አምባሩን የሸጠላቸው ግን አባት በልጁ ላይ ያለው ኩራት ውስጥ ነው እጁን የከተተው።

ሆስፒታል ጣታቸው ተቆረጠ። እግራቸው የሚተርፈው ኢንሱሊኑን ካላቋረጡ ብቻ እንደሆነ ሐኪሙ ነገረን።

ከሆስፒታል በወጡ በማግሥቱ ከሳያት ጋር ጦር ኃይሎች፣ አምባር ሻጩ ሱቅ ሄድን። ሰውዬው ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ዶክተራችን! ነይ እስቲ፣ አብረን ፎቶ እንነሳ» አይላትም!

«እኔ እጅ ላይ የሚታሰር ነገር ሠርቼ አላውቅም!» ብላ ጮኸች። «የኔ ሥራ ሰው ከነካው ይጠፋል! አትግዙ!»

ተራ የያዙት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዋን አዩ፣ እሷን አዩ።

«በእውነት አለች ማለት ነው» አለች አንዷ ለጓደኛዋ። «ድርሻዋን ከልክሏት ይሆናላ የተጣሉት።» ብላ ገዛች። እዚያው በሩ ላይ ምራቄን ተፋሁ፤ አላፍርበትም።

ቤት ስንመለስ ጋሽ ዱባለ በፋሻ የተጠቀለለ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አምባሩን አላወለቁም።

«ያንቺ አይደለም?»

«አይደለም፣ አባዬ።»

አምባሩን ብዙ አዩት። ከዚያ አውልቀው ሰጧትና ክንዳቸውን ለመርፌው ገለጡላት።

«ለዕድር ጓደኞቼ ግን የልጄ ሥራ ነው ብዬ አስገዝቻቸዋለሁ እኮ» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «መድኃኒታቸውንም ተዉት ብያቸዋለሁ።»

ሳያት ወግታቸው ስትጨርስ ጃኬቷን ለበሰች።

«ማን ማን ናቸው?» አለቻቸው።